ነጋዴና ነጋድራስ፤ ስለ ብሔራዊ ባንካችን ሠራተኞችና አደረጃጀት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት፥ ጎንደር ላይ፥ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተሰጠ ንግግር)



ስለ ብሔራዊ ባንክ አደረጃጀት እንድናገር የማኅበራችን ኮሚቴ በጠየቀኝ ጊዜ አንድ ወዳጄ፥ «ይህን ማን ይሰማሃል? ተማሪ የሚፈልገው ስለ እንጀራ ዋጋ የሚነግረው ሰው ነው» አለኝ። እኔም፥ «የምናገረው እኮ ስለ እንጀራ ዋጋ ነው» ብዬ መለስኩለት። ዛሬ ማታ ያንን መልስ ላስረዳ እሞክራለሁ። ካልተሳካልኝ ከንግግሩ በኋላ በጥያቄ ልታፋጥጡኝ ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ እያንዳንዳችሁ ከኪሳችሁ አንድ የወረቀት ብር እንድታወጡ እለምናለሁ። የወሩ መጨረሻ ስለሆነ የሌለው ከጎረቤቱ ይመልከት። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የወጣው አዲሱ ብር ከሆነ፥ ፊርማ አለበት። ብዙውን ጊዜ የምታዩት የዚያን ጊዜው የባንኩ ገዥ የዶክተር ይናገር ደሴ ፊርማ ነው። እርሳቸው ከሥልጣኑ የተነሡት በ2015 ዓ.ም. ጥር ነው። በምትካቸው አቶ ማሞ ምሕረቱ ተሾሙ፤ እርሳቸውም በተራቸው ለቀው በ2018 መግቢያ ላይ ዶክተር እዮብ ተካልኝ ተተኩ። ነገር ግን የፈረመው ሰው ስለ ሄደ ብሩን አልቀበልም ያለ ባለ ሱቅ በቅዳሜ ገበያ አልታየም። ይህ የሚያሳየን፥ ብሩ የሚቆመው በአንድ ሰው ፊርማ ሳይሆን ከፊርማው በስተጀርባ ባለው መሥሪያ ቤት መሆኑን ነው።

ታዲያ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ብሩ ያው ብር፥ ወረቀቱ ያው ወረቀት ሆኖ ሳለ፥ በ2013 የገዛውን ያህል ጤፍ ዛሬ የማይገዛው ስለ ምንድን ነው? የዋጋ ንረት ብዙ ምክንያት አለው። መንገድ ሲዘጋ፥ ዝናብ ሲጠፋ፥ ማዳበሪያ ሲዘገይ ዋጋ ይወጣል፤ ባንክ ደግሞ መንገድ አይከፍትም፥ ዝናብም አያዘንብም። ነገር ግን በገበያው ውስጥ የሚዞረው ገንዘብ ከሚመረተው ዕቃ ይልቅ እየፈጠነ እንዳይበዛ መጠበቅ የዚያ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ገንዘብ እንደ ቁና ነው። ሌሊት ተነሥቶ ቁናውን የሚያሳንስ ሰው ካለ፥ በማግሥቱ ቁጥሩ ሳይለወጥ እህሉ ይጎድላል። የሚጎዳውም ደመወዙ በቁና ቁጥር የተቆረጠለት መምህር፥ ጡረተኛ፥ የቀን ሠራተኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲደርስ፥ ደመወዙ ያልተጨመረለት ሰው ወደ ሩብ የሚጠጋ የመግዛት አቅሙን አጥቷል ማለት ነው።

እንግዲህ የቁናው ጠባቂ ማን ነው? ማንስ ይሾመዋል? ማንስ ያዘዋል? «እምቢ» የማለት መብትስ አለው? ስለ ሠራተኞችና ስለ አደረጃጀት እንናገራለን ስንል፥ ሥር ነገሩ ይህ ነው።

ወገኖቼ፤ ከተማችን ለዚህ ወሬ እንግዳ አይደለችም። ባንክ የሚባል ነገር በአገሩ ሳይታወቅ፥ በጎንደር ገበያ ወርቅ በወቄት፥ ጨው በአሞሌ፥ በኋላም ማርትሬዛ ብር ይዘዋወር ነበር። በዚያ ገበያ ላይ ነጋድራስ ነበር። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጡን ይሰበስባል፥ የነጋዴዎችን ክርክር ይዳኛል። ታዲያ ነጋድራሱ ራሱ የሚነግድ የሆነ እንደሆነ፥ ከባላጋራው ጋር በሸቀጥ ሲከራከር ዳኛው ማን ይሆናል? ይህ ችግር በቀድሞ ዘመን የነበረ ነው። እኔም የባንካችንን ታሪክ ያነበብኩት በዚህ በነጋዴና በነጋድራስ ዓይን ነው።

በ1898 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን መርቀው ሲከፍቱ፥ ባንኩ የቆመው ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ የ50 ዓመት ውል ነበር። የመጀመሪያው ገዥ ማክጊሊቭሬይ የሚባል የውጭ ሰው ነበር። ባንኩ ገንዘብ ያወጣል፥ ያበድራል፥ ያተርፋል፤ ትርፉም ለባለ አክሲዮኖቹ ነው። ነጋዴውም ነጋድራሱም አንድ ነበር፤ ያውም የባዕድ። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ውሉን አፍርሶ ባንኩን በገንዘብ ገዛና የኢትዮጵያ ባንክ አለው። ስሙና ባለቤቱ ተለወጡ፤ በገዥው ወንበር ላይ የቀጠለው ግን የቀድሞው ባንክ ገዥ ኮልየር ነበር። ስም መለወጥ ቀላል ነው፤ ወንበሩን የሚይዝ ሰው ማሠልጠን ግን የአንድ ትውልድ ሥራ ነው።

የጣሊያን ወረራ ያንን ባንክ አፈረሰው። ከነጻነት በኋላ፥ ሚያዝያ 7 ቀን 1935 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። በውስጡ ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንዱ ገንዘብ የሚያወጣ፥ ሁለተኛው እንደ ማንኛውም ባንክ ተቀማጭ የሚቀበልና የሚያበድር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዶላር ሲወጣ የባንኩ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ይህ ሰው ኋላ በ1952 እ.ኤ.አ. የሳዑዲ ዓረቢያ የገንዘብ ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የዚያም የመጀመሪያ ገዥ ሆኗል። ከእርሱም በኋላ የተከታተሉት ገዥዎች አሜሪካውያን ነበሩ። በገንዘባችን ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ ከመልኩ በታች የባዕድ ፊርማ ይታይ ነበር ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ግን አቶ ምናሴ ለማ በገዥው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በአማርኛ ስም የተፈረመ ገንዘብም ወደ ገበያው መጣ። አንዳንዱ ሰው ይህን የክብር ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የማየው በየጠረጴዛው ሥር ሆነው መዝገብ ሲጽፉ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ሥራውን ተምረው ወደ ላይ መውጣታቸውን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ ነው። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 206 የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሆነ፤ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ። ብሔራዊ ባንክ በ10 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ዶላር ካፒታል በ1956 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ያን ጊዜ የመንግሥት ባንክ 21 ቅርንጫፎች ነበሩት፥ አንዱም በካርቱም ነበር። የንግዱ ሥራ ሁሉ ወደ ንግድ ባንክ ሄደ፤ ብሔራዊ ባንክ ገንዘብ የማውጣትን፥ የውጭ ምንዛሪ የመጠበቅን፥ የመንግሥት ባንክ የመሆንንና ሌሎችን ባንኮች የመቆጣጠርን ሥራ ያዘ። ነጋዴው ከነጋድራሱ ተለየ።

ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። ነገር ግን እስቲ በሠራተኛው በኩል እዩት። ትናንት በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ባልደረቦች ዛሬ ተለያይተዋል። አንዱ አበዳሪ ሆኖ ትርፍ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የዚያን አበዳሪ መዝገብ ገልጦ፥ «ይህ ብድር የማይመለስ ነው፥ መጠባበቂያ ያዝ» ማለት አለበት። የትናንት ጓደኛውን ሒሳብ የሚመረምር ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ሒሳቡን የሚያይበት እውቀትና ያየውን ለመናገር የማያስፈራው ደመወዝና ዋስትና። አዋጅ ሁለቱንም አይሰጥም። አዋጅ ወንበሩን ይሰጣል።

በዚያው አዋጅ ሌላም ጥሩ ነገር ነበረ። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚበደረው ከመደበኛ ገቢው 15 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰን ተደርጎለት ነበር። ይህ ወሰን የነጋድራሱ በትር ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ሰው መጥቶ፥ «ጨምርልኝ» ቢል፥ የባንኩ ሹም የራሱን ድፍረት መቁጠር አያስፈልገውም፤ «ሕጉ አይፈቅድልኝም» ማለት ይበቃዋል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮች ሁሉ ተወረሱ። የአዲስ አበባ ባንክ፥ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊ ወደ መንግሥት እጅ ገቡና ተዋሐዱ፤ የኋላ ኋላም ከንግድ ባንክ ጋር ተጠቃለሉ። ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ዶላሩ በብር ተተካ፤ በሃምሳ ብሩም ጀርባ የእኛው የፋሲል ግንብ ታተመ። የ15 በመቶው ወሰን ግን ባለፉት ሦስት የበጀት ዓመታት ገቢ ላይ ተሰልቶ ወደ 25 በመቶ ከፍ አለ። እንግዲህ ነጋድራስ አለ፥ ነገር ግን በገበያው ላይ ያለው ነጋዴ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የጌታው ነው። የሚመረመር ባንክ በሌለበት የምርመራ ክፍል ምን ይሠራል? ክፍሉ በሰንጠረዡ ላይ ስሙ ይኖራል፤ ጥበቡ ግን በእጅ ላይ ይዝጋል። የመሥሪያ ቤት ጥበብ በመጽሐፍ አይቀመጥም፤ ከአለቃ ወደ ምንዝር፥ ከሽማግሌ ወደ ወጣት ሥራ ላይ ሆኖ የሚተላለፍ ነው። አንድ ትውልድ ካልሠራበት ቀጣዩ ከሀ ይጀምራል።

በእርግጥም ከሀ ጀመረ። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 83 እና 84 የግል ባንክ ተፈቀደ፤ አዋሽ ባንክ በሩን ከፈተ፥ ሌሎችም ተከተሉ። ብሔራዊ ባንክ በድንገት የሚመረምራቸው ብዙ ነጋዴዎች አገኘ። አዳዲሶቹ ባንኮች ግን ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ፤ ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ያለው በመንግሥት ባንኮችና በዚያው በብሔራዊ ባንክ ነው። የተሻለ ደመወዝ ያለበት በር ሲከፈት ሰው ወደዚያ ማየቱ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያሠለጠነውን ወጣት ተቆጣጣሪ ለሚቆጣጠረው ባንክ እየለቀቀ ከቀጠለ፥ እርሱ ሁልጊዜ ትምህርት ቤት፥ እነርሱ ሁልጊዜ ባለ ዲግሪ ይሆናሉ።

ከዚያም ወዲያ ነጋድራሱ እንደገና ወደ ንግድ የተመለሰበት ጊዜ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ገንዘብ 27 በመቶውን የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። የሰነዱ ወለድ ባንኮቹ ለአስቀማጮቻቸው ከሚከፍሉት ያነሰ፥ 3 በመቶ ነበር። የተሰበሰበው ገንዘብ በልማት ባንክ በኩል ለታላላቅ ሥራዎች እንዲውል የታሰበ ነው። ዓላማው ልማት ስለሆነ ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን ገበያውን የሚዳኘው ሰው በዚያው ገበያ ላይ ገንዘብ ሰብሳቢ ሆኖ ሲቆም፥ ዳኝነቱን ማን ያምንለታል? ትእዛዙ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ተነሣ።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ደረስን። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጠው ብድር ካለፈው ዓመት ከሲሶው እንዳይበልጥ ወሰነ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የፖሊሲ ወለድ ተመን የሚባለውን አዲስ መሣሪያ በ15 በመቶ ጀመረ፤ ሐምሌ 22 ቀንም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ የ2000 ዓ.ም.ን አዋጅ የሚተካ አዲስ የብሔራዊ ባንክ ማቋቋሚያ አዋጅና የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ የባንክ ሥራ አዋጅ በምክር ቤቱ ጸደቁ። አዲሱ ሕግ የዋጋ መረጋጋትን የባንኩ ቀዳሚ ዓላማ አድርጓል፥ ለመንግሥት ብድርም ወሰን አበጅቷል። ስለ ገንዘብ ፖሊሲ የሚመክር ኮሚቴም ተቋቁሟል።

እነዚህ መልካም ናቸው፤ አመሰግናለሁም። ሆኖም ከ1955ቱ አዋጅ ታሪክ የተማርነውን መርሳት አይገባም። ወሰን የተጻፈው ያን ጊዜም ነበር። ወሰኑን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ፥ ሕግ እንደ በረት በር ነው፤ እረኛ ከሌለው ከብቱ ገፍቶት ይወጣል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ስለ ሰው ነው። አቶ ተክለወልድ አጥናፉ ባንኩን 18 ዓመት ያህል መሩ። እርሳቸው ከተነሡበት ከ2010 ዓ.ም. እስከ 2018 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ሦስት አዳዲስ ገዥዎች ተሾሙ። አሥራ ስምንት ዓመት እጅግ ረጅም ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔም ምናልባት እስማማለሁ። ነገር ግን ገዥ በሁለትና በሦስት ዓመት ሲለወጥ፥ ከእርሱም ጋር ምክትሎቹና የክፍል ኃላፊዎቹ ቢለዋወጡ፥ በታች ያለው ሠራተኛ አንድ ነገር ይማራል፤ ይኸውም ሥራውን ሳይሆን የሚመጣውን ሹም ፊት ማንበብ ነው። ሹም ሽር በበዛበት ቤት፥ «ይህ ቁጥር ትክክል አይደለም» የሚል ሰው አይገኝም።

የሌላውን አገር እንይ። በቱርክ ከ2019 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ አምስት የማዕከላዊ ባንክ ገዥዎች ወንበሩን ለቀዋል፤ ገሚሶቹ የተሻሩት ወለድ ከፍ በማድረጋቸው ወይም ዝቅ ለማድረግ በመዘግየታቸው ነው ተብሎ በሰፊው ተጽፏል። በ2022 እ.ኤ.አ. ጥቅምት የአገሪቱ የዋጋ ንረት 85 በመቶ ደረሰ። ያ ባንክ የተማረ ሰው አጥቶ አይደለም፤ የተማረው ሰው የመናገር ዋስትና አጥቶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ሕዝብ ያልመረጠው የባንክ ሹም፥ ሕዝብን እወክላለሁ የሚለውን መንግሥት እምቢ ይበል ማለት አምባገነንነትን በሌላ ስም ማምጣት አይደለምን?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፤ ዓላማውን መወሰን የመንግሥትና የምክር ቤቱ ድርሻ ይሁን፤ ወደ ዓላማው የሚያደርሰውን መንገድ ግን ባለ ሙያው ይምረጥ፤ መርጦም በአደባባይ ይጠየቅበት። ቁና ጠባቂው ቁናውን ዘግቶ እንዲይዝ አንፈልግም፤ በገበያው መካከል አስቀምጦ ማንም እየመጣ እንዲለካው እንጂ። ተጠያቂነት የሌለው ነጻነት ትዕቢት ነው፤ ነጻነት የሌለው ተጠያቂነት ደግሞ ሎሌነት ነው።

እንግዲህ በበኩሌ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የገዥውና የምክትሎቹ የሥራ ዘመን በሕግ የተወሰነና በግልጽ ጥፋት ካልሆነ በቀር የማይቋረጥ ሆኖ መከበር አለበት። ሁለተኛ፥ ባንኩ ሠራተኛ የሚቀጥረውና የሚያሳድገው በአደባባይ በሚወጣ ማስታወቂያና በፈተና ይሁን፤ ከጎንደርም ይምጣ ከጎሬ፥ የማንም ዘመድ ይሁን የማንም፥ ፈተናውን ያለፈ ይግባ። የተቆጣጣሪውም ደመወዝ ከሚቆጣጠረው ባንክ ሠራተኛ ደመወዝ እጅግ የራቀ አይሁን። ሦስተኛ፥ በገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው ስብሰባ የተባለው፥ የተለየ ሐሳብ ያቀረበ ካለ እርሱም ጭምር፥ ሳይዘገይ ለሕዝብ ይታተም። በመዝገብ ላይ የሚቀር ተቃውሞ ለሠራተኛው ጋሻ ነው።

ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ርቀን በቀሐ ዳር ለተቀመጥነው ምን ይጠቅመናል ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገር እላለሁ። የመጀመሪያው፥ ውሳኔው እዚያ ቢወሰንም ዋጋው የሚከፈለው እዚህ መሆኑ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ እህሉን ጭኖ የሚመጣው ገበሬ የሚቀበለው ያንኑ ወረቀት ነው፤ በሬ ለመግዛት ብሎ በሣጥን ያስቀመጠው ብር በዓመቱ የበሬውን እግር እንኳ ካልገዛ፥ የበደለው ማን እንደሆነ አያውቅም። እኛ ግን ተምረናልና የማወቅ ግዴታ አለብን።

ሁለተኛው ደግሞ ራሳችንን ይመለከታል። በዚህ አዳራሽ ካለነው የምጣኔ ሀብት፥ የሒሳብ አያያዝና የሕግ ተማሪዎች መካከል፥ ነገ በባንክ ጠረጴዛ የሚቀመጡ አሉ። ከሠላሳ በላይ የሆኑት ባንኮች፥ ነገም የሚመጡት የውጭ ባንኮች የሚፈልጉን ይሆናል። የውጭ ባለ አክሲዮኖች እስከ 49 በመቶ ድርሻ እንዲይዙ ሕግ በፈቀደበት ጊዜ፥ የእነርሱን መዝገብ ገልጦ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ተቆጣጣሪ ከሌለ፥ ከማክጊሊቭሬይ ዘመን ምን ያህል ራቅን? ከእናንተ መካከል ጥቂቱ እንኳ አነስ ያለውን ደመወዝ ታግሦ የነጋድራሱን ሥራ ቢመርጥ፥ ለአገሩ ያደረገውን ማንም በአደባባይ አያጨበጭብለትም። ነገር ግን አንድ ቀን አለቃው ጠርቶ፥ «ይህን ቁጥር ትንሽ አሳምረው» ሲለው፥ ብዕሩን አስቀምጦ «አልችልም» ቢል፥ በቅዳሜ ገበያ ያለች አንዲት እናት ስሙን ሳታውቅ ከልጆቿ ጉርሻ ሳትቀንስ ታድራለች።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያንን ተረት ሲሾም እምቢ ያላለ ሲሻር ይቆጨዋል ብለን ለመለወጥ የምንበቃው እኛው ነን።

አሁን ያወጣችሁትን ብር ወደ ኪሳችሁ መልሱ፤ ጥያቄያችሁን ግን አውጡ።